ዘጠና ማይል ስንት ያስከፍላል? ስለ «ኡና ኖቼ» ፊልም

«ኡና ኖቼ» ከኩባ ወደ አሜሪካዋ ማያሚ ከተማ ለመጥፋት የሚሞክሩ ሦስት ወጣቶችን ታሪክ የሚያሳይ ድራማ ነው። ርዕሱ «አንድ ሌሊት» ማለት ነው። ርዝመቱ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው። የተቀረጸው ሃቫና ከተማ ውስጥ፣ በስፓኒሽ ቋንቋ ሲሆን ለተመልካች የቀረበው በ2012 ነው። ፊልሙን ያየ ሰው ብዙ ጥያቄ ይዞ ይነሣል። ልጆቹ ለምን በአውሮፕላን አልሄዱም? በጎማ ታንኳ ባሕር ይሻገራል ወይ? ቢያዙ ምን ይደረጋሉ? ፊልሙ ቆም ብሎ አያስረዳም። ስለዚህ እዚህ ጥያቄዎቹን በየተራ እንያቸው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ራውልና ኤሊዮ የሃቫና ልጆች ናቸው፤ የሚሠሩት በአንድ ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ነው። ራውል ከድሮም ማያሚ ማያሚ ይላል። እናቱ ታማለች፤ መድኃኒቷን ደግሞ በጥቁር ገበያ ካልሆነ አያገኘውም። አንድ ቀን የውጭ አገር ሰው ደብድበሃል ተብሎ ይከሰሳል። ፖሊስ ሲፈልገው ከመሸሽ በቀር ሌላ መንገድ አይታየውም። ኤሊዮ ሊረዳው ተነሣ። ነገር ግን ኤሊዮ ሊላ የምትባል መንትያ እኅት አለችው፤ ጥሏት መሄድ ደግሞ አልሆነለትም። ታሪኩን የምትተርክልን ሊላ ናት። ወንድሟ ምን እንደደበቃት ስትደርስበት እሷም ታንኳው ላይ ትወጣለች። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ላላዩት ሰዎች ስል አልናገርም።

ፊልሙን የሠራችው እንግሊዛዊቷ ሉሲ መሎይ ናት። ይህ የመጀመሪያዋ ረጅም ፊልም ነው። ሦስቱ ዋና ተዋንያን ከዚያ በፊት ፊልም ሠርተው አያውቁም፤ ከሃቫና ወጣቶች መካከል ተመርጠው የሠለጠኑ ናቸው። ኤሊዮን ሀቪየር ኑኜዝ ፍሎሪያን፣ ሊላን አናይሊን ዴ ላ ሩዋ ዴ ላ ቶሬ፣ ራውልን ዳሪየል አሬቻጋ ተጫውተዋል። የእነዚህን ልጆች ስም ያዙት። ኋላ ላይ የደረሰባቸው ከፊልሙ ጋር የተያያዘ ነውና እንመለስበታለን።

በመጀመሪያ ግን ለምን ይሸሻሉ? ኩባ ከ1959ኙ አብዮት ወዲህ በአንድ አመራር ሥር የቆየች አገር ናት። እዚያ የተፈቀደው ፓርቲ የኮሚኒስት ፓርቲው ብቻ ነው። ጋዜጣውም፣ ሬዲዮውም፣ ቴሌቪዥኑም የመንግሥት ነው። ሥልጣኑ ከፊደል ካስትሮ ወደ ወንድሙ ወደ ራውል ካስትሮ የተላለፈው ያለ ተፎካካሪ ነው። መንግሥትን በአደባባይ የተቃወመ ሰው ሥራውን ያጣል፤ ሲብስም ይታሰራል። በሌላ በኩል ትምህርትና ሕክምና በነጻ ነው፤ ይህም እውነት ስለሆነ መነገር አለበት። የፊልሙ ልጆች የሚያነቡና የሚጽፉ፣ ዓለምን የሚያውቁ ልጆች ናቸው። ያጡት ነገን ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ኑሮ ነው። ሶቪየት ኅብረት በ1991 ስትፈርስ የኩባ ኢኮኖሚ አብሮ ወደቀ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሲሶው ያህል ጠፋ። አሜሪካ ከ1962 ጀምሮ የጣለችው የንግድ ማዕቀብም ችግሩን አባባሰው። መንግሥት ቱሪስት ለመሳብ ሆቴል አስፋፋ፤ ለዶላር ሲልም ሁለተኛ ገንዘብ አተመ። በዚህ ገንዘብ አንዱ ከአንድ ዶላር ጋር እኩል ሲሆን፣ ሠራተኛው ደመወዙን የሚቀበልበት ፔሶ ግን 24 ያህል ሲደመር ነበር አንድ የሚሆነው። ፊልሙ በተሠራበት ጊዜ የመንግሥት ሠራተኛ አማካይ ደመወዝ በወር 20 ዶላር ያህል ነበር። ሁለቱ ልጆች በሆቴሉ ወጥ ቤት የሚያዘጋጁትን ምግብ በዚህ ደመወዝ ገዝተው ሊበሉት አይችሉም። ፊልሙ ይህን በንግግር አይነግረንም፤ ሳህኑን ብቻ ያሳየናል።

ኩባ ለእኛ ሰው ባዕድ አይደለችም። በሺዎች የሚቆጠሩ የኩባ ወታደሮች በ1977 እና በ1978 በኦጋዴን ከኢትዮጵያ ጎን ተዋግተዋል። ከእነሱ የሞቱት በአዲስ አበባው የትግላችን ሐውልት ይታሰባሉ። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮም በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች «የወጣቶች ደሴት» ወደሚባለው የኩባ ደሴት ተልከው ተምረዋል። ስፓኒሽ የሚናገሩ ሐኪሞቻችንና መሐንዲሶቻችን ብዙዎቹ የዚያ ፍሬ ናቸው። ያች አገር ለኢትዮጵያ ልጆች ትምህርት ቤት ስትከፍት፣ የራሷ ልጆች ደግሞ ያለ ፈቃድ ከደሴቲቱ መውጣት አይችሉም ነበር። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱ ሌላውን አይሽረውም።

እዚህ ላይ የአውሮፕላኑ ጥያቄ ይመጣል። ትኬት ቆርጦ መሄድ ለምን አልተቻለም? ከ1961 ጀምሮ ማንኛውም ኩባዊ ከአገር ለመውጣት የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልገው ነበር። ፈቃዱን ሰዎች «ነጭ ካርድ» ይሉት ነበር። በደርግ ዘመን የመውጫ ቪዛ የጠየቁ የእኛ ሰዎች ነገሩን በሚገባ ያውቁታል። ፈቃዱ ሊከለከል ይችል ነበር፤ ምክንያቱም አይነገርም። ታዋቂዋ ጸሐፊ ዮአኒ ሳንቼስ 20 ጊዜ ያህል ተከልክላለች።

ዋጋውን እናስላው። ነጩ ካርድ 150 ዶላር ያህል ነበር። ውጭ አገር ካለ ሰው የሚመጣው የጥሪ ደብዳቤ ሌላ 200 ያህል ያስወጣ ነበር። እነዚህ ሁለቱ ብቻ የአንድ ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ደመወዝ ናቸው፤ ያውም ሳይበሉ ሳይጠጡ ቢጠራቀም። ፓስፖርቱና ትኬቱ ገና አልተቆጠሩም። የአሜሪካ የጉብኝት ቪዛ ማመልከቻ በ2012 160 ዶላር ነበር፤ ቪዛው ቢከለከልም ገንዘቡ አይመለስም። የሆቴል ወጥ ቤት ሠራተኛ የሆነ ወጣት፣ ቤት ንብረትና ሒሳብ የሌለው፣ ቪዛ የማግኘት ተስፋው የመነመነ ነው። ቆንስላው «ሄዶ አይመለስም» ብሎ ያስባል፤ ብዙ ጊዜም አይሳሳትም።

በባሕር መውጣት ግን ወንጀል ነበር። የኩባ የወንጀል ሕግ ያለ ፈቃድ ለመውጣት የሞከረን ሰው ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት እስር ወይም መቀጮ ይቀጣ ነበር። ለመሞከር መዘጋጀትም ያስጠይቅ ነበር። በዚህ ምክንያት ጎማ ተሸክሞ መንገድ ላይ መሄድ ራሱ አደገኛ ነበር። በፊልሙ ውስጥ የልጆቹ ቀን እንዴት እንዳለፈ ልብ ብለው ይመልከቱ። ከባሕሩ በፊት የሚያልፉት ሙሉ ቀን አለ፤ አንዱን ዕቃ እዚህ፣ ሌላውን እዚያ፣ ከሚያውቁት ሰው፣ በጓሮ በር። ጎረቤት እንዳያይ፣ እናት እንዳትጠረጥር። እኔ ፊልሙን የምወደው ለዚህ ክፍሉ ነው። ስለ ስደት የተሠሩ ፊልሞች ብዙዎቹ ማዕበሉን ለማሳየት ይቸኩላሉ። ይኼኛው አንድ ሰው ለመሄድ ሲወስን ከተማው ሁሉ እንዴት እንደሚለወጥበት በትዕግሥት ያሳያል።

ታንኳውስ እንዴት ይሠራል? ዋናው ነገር የከባድ መኪና የውስጥ ጎማ ነው፤ አየር ተነፍቶ የሚንሳፈፈው ማለት ነው። በላዩ ጣውላ ይደረደራል፤ በገመድም ይታሰራል። ካለ ባዶ የነዳጅ በርሜል ወይም ላስቲክ ይጨመራል። የተሻለ ዕድል ያለው ሞተር ያገኛል፤ የሌለው ይቀዝፋል። ኩባውያን እንዲህ የሚሻገሩትን ሰዎች «ባልሴሮ» ይሏቸዋል፤ ባለ ታንኳ እንደማለት ነው። ብልሃታቸው ያስገርማል። በ2003 አሥራ ሁለት ሰዎች የ1951 ሞዴል ሸቭሮሌት የጭነት መኪናን በበርሜል አንሳፍፈው፣ በሞተሩም መቅዘፊያ አሽከርክረው ባሕር ላይ ነድተዋል። የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጠባቂዎች ወደ ፍሎሪዳ ሲቃረቡ ያዟቸው። ሰዎቹ ወደ ኩባ ተመለሱ፤ መኪናው ባሕር ውስጥ እንዲሰጥም ተደረገ።

ርቀቱ በሰው አፍ 90 ማይል ነው፤ ወደ 145 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን ደርሶ ጥቂት አለፍ እንደማለት ነው። ያውም የሚለካው እስከ ኪ ዌስት ነው፤ ኪ ዌስት በደቡብ ፍሎሪዳ ጫፍ ያለች ትንሽ ደሴት ናት። ማያሚ ከዚያም በጣም ይርቃል። በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር የሚቀዝፍ ሰው ያለ እንቅልፍ ቢቀዝፍ እንኳ ሁለት ቀንና ሁለት ሌሊት ይፈጅበታል።

ባሕሩ ደግሞ ዝም ብሎ አይቆምም። በሁለቱ አገሮች መካከል «የባሕረ ሰላጤው ጅረት» የሚባል ሞቃትና ኃይለኛ የውኃ ፍሰት አለ። ወደ ምሥራቅ ይነዳና ከዚያ ወደ ሰሜን ይታጠፋል። ፍጥነቱ ቀዛፊን ይበልጣል። ታንኳው ካልቸኮለ ፍሎሪዳን በጎን አልፎ ወደ ሰፊው አትላንቲክ ይወሰዳል። ውኃም አለ፤ ፀሐይ ላይ ያለ ሰው በቀን ቢያንስ 3 ሊትር ይጠጣል። ለሦስት ሰው ለሁለት ቀን 18 ሊትር፣ ማለትም 18 ኪሎ ይሆናል። ብዙ ውኃ ከያዙ ታንኳው ይከብዳል፤ ትንሽ ከያዙ ጥሙ ያሰቃያል። ሻርክም አለ፤ ይሁን እንጂ ከሻርክ ይልቅ ጥም፣ ፀሐይና ማዕበል ብዙ ሰው ገድለዋል። ስንት ሰው እንደሞተ የቆጠረ የለም፤ ታንኳው ሲሰጥም የሚመሰክር ሰው አይተርፍምና።

በኅዳር ወር 1999 ገና ስድስት ዓመት ያልሞላው ኩባዊ ሕፃን ኤሊያን ጎንዛሌዝ በጎማ ላይ ተንሳፍፎ ፍሎሪዳ አጠገብ ተገኘ። እናቱና ሌሎች አሥር ሰዎች ሞተው ነበር። ሁለቱ አገሮች በልጁ ጉዳይ ለወራት ተሟገቱ። በመጨረሻ በሰኔ 2000 ወደ አባቱ ወደ ኩባ ተመለሰ።

ይህን ሁሉ እያወቁ ለምን ይሄዳሉ? መልሱ ግማሹ በአሜሪካ ሕግ ውስጥ ነው። እኔ ፊልሙን ሳይ ከሁሉ የሚከነክነኝም ይኸው ነው፤ መንገዱን የሚቀርጸው ባሕሩ ሳይሆን በሁለቱ ዳርቻ ያሉት ሕጎች ናቸው። በ1966 የወጣው የኩባውያን ሕግ፣ አሜሪካ በሥርዓት የገባ ወይም እንዲገባ የተፈቀደለት ኩባዊ ጥቂት ቆይቶ ለግሪን ካርድ እንዲያመለክት ይፈቅዳል። መጀመሪያ ሁለት ዓመት ነበር፤ ኋላ አንድ ዓመት ሆነ። የሌላ አገር ሰው የስደተኝነት ጉዳዩን ለዳኛ አስረድቶ ዓመታት ይጠብቃል። ኩባዊ ግን ኩባዊ መሆኑ ብቻ ይበቃው ነበር።

በነሐሴ 1994 ሃቫና ውስጥ ሕዝቡ አደባባይ ወጣ። ፊደል ካስትሮም መሄድ የሚፈልግ ይሂድ አለ። በጥቂት ሳምንታት ከ30 ሺህ በላይ ሰው ባሕር ላይ ወጣ። አሜሪካ ደንግጣ ባሕር ላይ የያዘቻቸውን በኩባ ምድር ወዳለው ወደ ጓንታናሞ የጦር ሰፈሯ ወሰደች። ከዚያ ሁለቱ መንግሥታት ተስማሙ። ከ1995 ጀምሮ አዲሱ አሠራር «እርጥብ እግር፣ ደረቅ እግር» ተባለ። ባሕር ላይ የተያዘ ሰው ይመለስ ነበር፤ አሸዋው ላይ የቆመ ግን ይቀር ነበር። ልዩነቱ ጥቂት ሜትር ነበር። ተመላሹ በቀጥታ እንዳይቀጣ ኩባ ቃል ገብታ ነበር፤ ግን ሥራውንና የሰፈሩን እምነት ያጣ ነበር። ቢመለስ እንደሚጎዳ ያስረዳ ሰው ደግሞ ጓንታናሞ ቆይቶ ወደ ሦስተኛ አገር ሊላክ ይችል ነበር።

ይህ አሠራር ሰውን ምን ያህል ያንገላታ እንደነበር አንድ እውነተኛ ጉዳይ ያሳያል። በ2006 መጀመሪያ 15 ኩባውያን በፍሎሪዳ ደሴቶች መካከል ባለ አሮጌ ድልድይ ላይ ወጡ። ድልድዩ ከሁለቱም ጫፍ ተቆርጦ ከየብስ የተለየ ነበር። ባለሥልጣናቱ «ድልድዩ መሬት አይነካም፤ ስለዚህ እግራችሁ እርጥብ ነው» ብለው መለሷቸው። በኋላ የፌዴራል ዳኛ ውሳኔው ስሕተት ነው አሉ። ሰዎቹ ግን ኩባ ተመልሰው ነበር።

ገንዘብ ያለው ዘመድ ያለውስ? እሱ በፈጣን ጀልባ ይሄዳል። አሻጋሪዎች በሌሊት መጥተው ይጭናሉ፤ በጥቂት ሰዓታት ያደርሳሉ። ዋጋው በነፍስ ወከፍ ከ8 እስከ 10 ሺህ ዶላር ይደርስ ነበር። የሚከፍለው ማያሚ ያለው ወገን ነው። አሥር ሺሁን በኩባ ደመወዝ እናጠራቅም ቢባል አርባ ዓመት አይበቃም። ከሊቢያ ጠረፍ ወይም ከየመን ወዲያ ማዶ ልጃቸውን ለማስለቀቅ ገንዘብ የላኩ የእኛ ቤተሰቦች የዚህን ስሌት ክብደት ማንም ሊነግራቸው አያሻም። ራውልና ኤሊዮ ግን የሚከፍልላቸው የለም። ጎማና ጣውላ የሚፈልጉት ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ተዋንያኑ እንመለስ። ፊልሙ በየካቲት 2012 በርሊን ከታየ በኋላ በኤፕሪል ኒውዮርክ ለሚካሄደው የትራይቤካ የፊልም ፌስቲቫል ተመረጠ። ሦስቱ ወጣቶች ሕጋዊ ቪዛ ተሰጥቷቸው በአውሮፕላን ተሳፈሩ። አውሮፕላኑ ማያሚ ላይ አረፈ። ሀቪየርና አናይሊን ከዚያ ጠፉ፤ ኒውዮርክ ሳይደርሱ ቀሩ። በፊልሙ መንትያ ሆነው የተጫወቱት ሁለቱ በእውነተኛው ሕይወታቸው ፍቅረኛሞች ነበሩ። ከቀናት በኋላ በአሜሪካ ለመቅረት እንደሚፈልጉ ተናገሩ። ፌስቲቫሉ ደግሞ የምርጥ ተዋናይ ሽልማቱን ለሀቪየርና ለዳሪየል በጋራ ሰጠ። ከሁለቱ ተሸላሚዎች በሥነ ሥርዓቱ የተገኘው ዳሪየል ብቻ ነበር። ሉሲ መሎይም የምርጥ አዲስ ዳይሬክተር ሽልማት አገኘች፤ ፊልሙ በምስል ቀረጻም ተሸለመ።

ወሬው ዓለምን ዞረ። አንዳንዱ የፊልም ማስተዋወቂያ መስሎት ነበር። ነገሩን ከሕጉ ጋር አያይዘው ካዩት ግን የሚያስደንቅ አይደለም። ሁለቱ ልጆች በቪዛ ገብተዋል፤ በአየር ማረፊያው በሥርዓት ታይተው አልፈዋል። የ1966ቱ ሕግ የሚጠይቀው ይኸንኑ ነው። አንድ ዓመት መቆየት ብቻ ቀረ። በገጸ ባሕርያቱና በተዋንያኑ መካከል ያለው ልዩነት አንዲት ወረቀት ናት። እነዚያ ወረቀት አጥተው ነፍሳቸውን ለጎማ ሰጡ፤ እነዚህ ሻንጣ ይዘው በበር ወጡ። ከድተዋል ብሎ የሚወቅሳቸው ሰው ቢኖር አልስማማም። ዕድሜያቸው ሃያ ገደማ ነበር፤ በሩ የተከፈተላቸውም አንድ ጊዜ ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። ከጥር 2013 ጀምሮ ነጩ ካርድ ቀርቷል። ኩባዊ ፓስፖርትና የሚሄድበትን አገር ቪዛ ከያዘ እንዲወጣ፣ ውጭም እስከ ሁለት ዓመት ቢቆይ ንብረቱን እንዳያጣ ተፈቀደ። ፓስፖርቱ ግን 100 ዶላር ገባ፤ ያኔ የአምስት ወር ደመወዝ ማለት ነበር። በጥር 2017 ፕሬዚዳንት ኦባማ «እርጥብ እግር፣ ደረቅ እግር» የሚባለውን አሠራር አስቀሩት። ከዚያ ወዲህ አሸዋ ላይ መድረስ ብቻውን አያስቀርም። የ1966ቱ ሕግ ግን አልተሻረም።

ስደቱም አልቆመም፤ አቅጣጫውን ነው የቀየረው። ኒካራጓ በኅዳር 2021 ለኩባውያን ቪዛ አስቀረች። በቀጣዩ ዓመት ብዙዎች እዚያ በአውሮፕላን ወርደው በእግርና በመኪና ወደ ሜክሲኮ ድንበር ተመሙ። የአሜሪካ ድንበር ጠባቂዎች በ2022 የበጀት ዓመት ከ220 ሺህ በላይ ጊዜ ኩባውያንን መዝግበዋል። በ1980 ከማሪየል ወደብ በጀልባ የወጡት 125 ሺህ ያህል ነበሩ፤ በዚያን ጊዜም ታሪክ ተብሎ ነበር። በዚያው የመካከለኛው አሜሪካ መንገድ ከብራዚል ተነሥተው በኮሎምቢያና በፓናማ መካከል ያለውን የዳሪየንን ጫካ የሚያቋርጡ የኢትዮጵያና የኤርትራ ልጆችም ከኩባውያኑ ጋር ይገናኙ ነበር።

ፊልሙን ለማየት ካሰቡ ሁለት ነገር ይወቁ። ስፓኒሽ ለማይሰማ ሰው ከሥር የሚነበብ ትርጉም ያለው ቅጂ ያስፈልገዋል። ሁለተኛ፣ ከልጆች ጋር የሚታይ አይደለም፤ ግልጽ የወሲብ ትዕይንትና ድብደባ አለበት። ለአካለ መጠን ከደረሱ ልጆችዎ ጋር ግን ቢያዩት መልካም ነው፤ በተለይ በቤት ውስጥ የመሄድ ወሬ ካለ። ሲያዩት ከባሕሩ በፊት ያለውን ክፍል አይዝለሉ። ሊላ ወንድሟን በየመንገዱ የምትከታተልበት ክፍል ዝግ ያለ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ዕቃ ከማን እንደተገኘና በምን እንደተለወጠ የሚታየው እዚያ ነው።